የታጠበችው ገበቴ

በሰፈራችን አንዱ መልኩ ያላማረውን ነገር ሳይመረምር አውጥቶ ሲጥል፣ ጎረቤት የሚወረውርለት አባባል አለ። አባባሉን ያተረፈልን ልብስ አጣቢው ደምሰው ነው።

ዓይናቸው የጠፋባቸው እናቱ እማማ አስካለ በልጅነታቸው ወርቅ ያጥቡ ነበር። ዘንድሮ ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ "እግዜር ሳይጠራኝ፣ ከዚያ ከወንዛችን አንዲት ቅንጣት ወርቅ መዳፌ ላይ አኑርልኝ" አሉት።

የድሮው የወርቅ ቁፋሮ ስፍራ ዛሬ ጣሪያ የሌለው ሙዚየም ሆኗል። ደምሰው ሲደርስ ጉም ወንዙ ላይ ተኝቷል። ጉድጓዶቹ እንደተከፈቱ ናቸው፤ ከገለባ የተሠሩ ቆፋሪዎች ዶማቸውን እንደያዙ በጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ከውሃው ድምፅ ሥር ሴቶች የሚያንጎራጉሩ መሰለው፤ እናቱም ገና ልጃገረድ ሆና ከመካከላቸው ጎንበስ ያለች። ሳያውቀው አማተበ።

አስጎብኚው ኦቦ ጃርሶ የቀድሞ ወርቅ አጣቢ ናቸው። የእናቱን ነገር ሲነግራቸው ከእንጨት የተፈለፈለች ገበቴ አሸዋ ሞልተው ሰጡት።

"ለአንድ እንግዳ አንድ ገበቴ ነው፤ ያገኘኸው ያንተ። ወንዙ ውስጥ እየነከርክ ቀስ ብለህ አሽከርክር፤ እኔ መያዣ ብልቃጥ ላምጣልህ።"

ደምሰው አሽከረከረ። ጠጠሩ ሄደ፣ ነጩ አሸዋ ሄደ፤ ከሥር ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ደለል ቀረ። ሠላሳ ዓመት እድፍ ሲያስለቅቅ የኖረ እጅ ይህን እንዴት ይቻለው? "ለእናቴማ ቆሻሻ አልወስድም!" ብሎ በአውራ ጣቱ ፈተገ፤ አለቀለቀ፤ ደግሞ አለቀለቀ።

ኦቦ ጃርሶ ብልቃጡን ይዘው መጡ።

"ጥቁሩስ?"

"አጸዳሁት፣ አባቴ! እንደ ነጠላ ነጣች እኮ!"

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። "አዬ ልጄ! ወርቅ ከባድ ነው። ሥር የሚተኛው ከዚያ ከከባዱ ጥቁር አሸዋ ጋር ነው።"

ደምሰው ወንዙን አየ። ወንዙ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይፈሳል።

በማግስቱ ጎረቤት በተቀመጠበት፣ እናቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። እማማ አስካለ እጁን ያዙና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

"ወይ የኔ ንጹሕ!" ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። ራሱን ደባበሱት። "አይዞህ፤ ወርቁ ወደ ባለቤቱ፣ ወደ እግዜር ወንዝ ተመልሷል። ለልጆችህ ግን ይህን ንገራቸው፤ ጥቁሩን የደፋ ወርቁንም ደፋ።"