የምንጩ ተራ እና መቶ ሃያው ድንጋይ

አንድ ጊዜ በቆላ አገር ዝናብ ሁለት ዓመት ቀረና ከምንጮቹ ሁሉ አንድ ብቻ ተረፈ። ንጉሡ አያ አንበሶ አራዊቱን ሰብስቦ፣ «በቀን ሃያ እንስሳ ይጠጣል፤ ከጠጣ ብዙ ቀን የሆነው ይቅደም። ፀሐይ ስትጠልቅ ምንጩ ይዘጋል» ሲል ደነገገ።

እንስሳቱ መቶ ሃያ ነበሩ። የእያንዳንዱ ስምና መጨረሻ የጠጣበት ቀን በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተጫረ፤ ድንጋዮቹም ባለቤቶቻቸው በመጡበት ቅደም ተከተል ዋሻ ውስጥ ተደረደሩ። ጠባቂነቱን አያ ጅቦ ለመነና አገኘ። መንጋጋው ጠንካራ ነበር፤ ከዚያ ሌላ የተጠየቀው ነገር የለም።

አያ ጅቦ በየማለዳው መቶ ሃያውንም ድንጋይ እየጎተተ ያወጣል። ሜዳው ላይ አንዱን ከአንዱ እያስተያየ እንደየቀናቸው ይደረድራል። ከፊት ያሉትን ሃያ ለይቶ የቀሩትን መቶ ወደነበሩበት ይመልሳል። ስም መጥራት ሲጀምር ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አምስት ወይም ስድስት ይጠጣሉ፤ ምንጩ ይዘጋል። በማግስቱ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

በዘጠነኛው ቀን፣ «ሚዳቋ!» ብሎ ተጣራ።

«ሚዳቋ! ተራሽ ደርሷል!»

«ሞታለች» አለው አህያ።

«መቼ?»

«ቀትር ላይ። አንተ ሰባኛውን ድንጋይ ስታወጣ።»

አያ ጅቦ ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው የሚቀጥለው» አለ።

አያ አንበሶ ይህን ሲሰማ አስጠራው። «ሰንፈሃል?»

«ኧረ ጌታዬ! ጥርሴ እስኪነቃነቅ ነው የምሠራው።» እውነቱን ነበር።

እመት ቀበሮ ቀረብ አለች። «ጌታዬ፣ የጎደለው ጉልበት አይደለም። ድንጋዮቹ ባሉበት ይቀመጡ። እኔ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ቀጭን እንጨት እቆርጣለሁ፤ ስሙንና ድንጋዩ ዋሻው ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ እጭርበታለሁ። እንጨቶቹን በጠጡበት ቀን ተራ ገመድ ላይ አስራለሁ። ጠዋት ከገመዱ ራስ ሃያ አይቼ፣ እነዚያኑ ሃያ ድንጋዮች ብቻ አወጣለሁ። አንዱ በጠጣ ቁጥር ቀኑን ድንጋዩ ላይ አድሼ እንጨቱን ወደ ገመዱ ጅራት እወስዳለሁ።»

«እንጨት ውሃ አይጠጣም!» አለ አያ ጅቦ። አያ አንበሶ ግን ጠባቂነቱን ለእመት ቀበሮ ሰጣት።

በማግስቱ ሃያው ጠጥተው ሲጨርሱ ፀሐይ ገና ከምሥራቁ ኮረብታ ራስ አልራቀችም ነበር። የሚዳቋ እህት ጠጥታ ቀና አለች፤ ዋሻውን ለአፍታ አየችና ሄደች።

ገመዱ በተሠራ በአራተኛው ቀን የአያ ጅቦ እንጨት ከገመዱ ራስ ላይ ተገኘ። እመት ቀበሮ አልተከራከረችም። በእንጨቱ ላይ የተጫረውን አይታ በቀጥታ ወደ አርባ አራተኛው ድንጋይ ሄደችና አያ አንበሶ ፊት አስቀመጠችው።

«ትናንት ጠጥቷል ይላል» አለ ንጉሡ። «እንጨቱ ወደ ጅራት ይሂድ።»

«ስንት ቀን ልጠብቅ ነው?» ሲል አያ ጅቦ ጮኸ።

እመት ቀበሮ ገመዱን ቃኘት አደረገችው። አንድም ድንጋይ አላነሳችም።

«አምስት» አለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ በተራ የሚፈለግን ነገር በየቀኑ ከሥሩ ገልብጦ ከመደርደር ይልቅ ተራውንና ቦታውን የሚያሳይ አጭር ዝርዝር አስቀድሞ ማዘጋጀትና ሳይሰለቹ ማደስ፣ ድካም ብቻ ሳይሆን ሕይወትም እንደሚያተርፍ ነው።