የላቀች ወስፌ

በአንድ ወቅት፣ በቅሎ የሌለው ሰው ልጁን ለመዳር በሚያፍርበት ዘመን፣ ላቀች የምትባል ኮርቻ ሰፊ ነበረች። በቤቷ አንድ ሕግ ነበር። ወስፌውን የያዘ ሰው «ይህ ይሰፋ፣ ያ ይቅር» ይላል፤ ሌላው ይታዘዛል። ላቀች እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወስፌውን ከሦስት ልጆቿ ለአንዱ ልታወርስ አሰበች። ሳትወስን ግን ጣጣ መጣ።

የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ነጋድራስ ካሳዬ፣ ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ እያስጎተተ ደጇ ላይ ቆመ።

«ኮርቻሽ በቅሎዎቼን ፈጃቸው!» ብሎ ጮኸ። «ለጥምቀት የማያቆስል ሠላሳ ኮርቻ ካላደረስሽ ሌላ አገር አሠራለሁ!»

እሱ ከሄደ ቤቱ ይዘጋል፤ ከእሷ ጋር የሚሠሩት ሃያ አባወራዎችም ይበተናሉ። ልጆቿ ግን ማሳበብ ጀመሩ። ቆዳው ነው፣ ክሩ ነው፣ ጫኙ ነው ተባለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። እናታቸው ቱግ አለች።

«ወስፌው ይህን ቤት ላዳነ ነው! ውጡልኝ!»

ትልቁ ቢያድግልኝ ክር እንኳ አልነካም። ከሲራራው ጋር ዘጠኝ ቀን በእግሩ ተጓዘ። አቀበቱን በቅሎዎቹ በደኅና ወጡት። ቁልቁለቱ ላይ ግን ኮርቻው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጫንቃቸውን ሲልጠው በዓይኑ አየ። ሞገሴ የሚባለውን ጫኝ «ይህን ለምን አልነገራችሁንም?» አለው።

ሞገሴ ተናደደ። «ስትመጡ የምትጠይቁን ‹ቆዳው እንዴት ነው?› ብላችሁ ነው። ቆዳው ጥሩ ነው አልናችሁ። ስለ ቁልቁለቱ ማን ጠየቀን?»

ቢያድግልኝ አፍሮ ተመለሰ። ጉዞው ከቀጠሮው እኩሌታውን በልቶት ነበር።

ነጋድራሱ ደግሞ በየቀኑ እየመጣ አዲስ ነገር ያዛል፤ የብር ፈርጥ፣ ቀይ ዘርፍ፣ የጠመንጃ ማንገቻ። ሰፊዎቹ ፈርተው «እሺ ጌታዬ» ይላሉ። መካከለኛዋ ልጅ አንጓች ወንድሟ ያየውን ስትሰማ የታዘዘውን ሁሉ ሰረዘች። ከጭራ ሥር ዞሮ ኮርቻውን ወደ ኋላ የሚይዝ አንድ ጠፍር ብቻ አስጨመረች። ነጋድራሱ በሰው ፊት ሰደባት።

«አይሆንም፣» አለችው። «ፈርጡ ለእርስዎ ዓይን ነው። እኔ የምሰፋው ለበቅሎዋ ጀርባ ነው።»

ሥራውን ሊነጥቃቸው ምሎ ሄደ። ሦስት ቀን ሙሉ ሃያ አባወራ እንቅልፍ አጣ። ለጥምቀት አደርሳለሁ የሚል ሌላ ሰፊ ስላላገኘ ግን በአራተኛው ቀን ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ።

ታናሹ ጥጋቡን የገጠመው የሰው ጠብ ነው። ቆዳ ፋቂውና ዘለበት የሚሠራው ቀጥቃጭ በድንበር ተኳርፈው አንዱ በሌላው ደጅ አያልፍም። ጥጋቡ አለቃቸው አይደለም፤ ሊያዛቸው አይችልም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተመላለሰ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አስታረቀ። ሠላሳው ኮርቻ በዋዜማው አለቀ። ከኮርቻው ሥር የሚደለደለው ሱፍ ስላነሰው ግን የመጨረሻዎቹን አራት ኮርቻዎች ለማንም ሳይናገር ጭድ ጠቀጠቀባቸው።

ሲራራው ሄዶ ተመለሰ። የሃያ ስድስቱ በቅሎዎች ጀርባ ደኅና ነበር፤ አራቱ ቆስለዋል። ነጋድራሱ እያጉረመረመም ቢሆን ሌላ ሠላሳ አዘዘ። ቤቱ ተረፈ። የልጆቹ ጠብ ግን ያኔ ባሰበት።

«እኔ ባልሄድ ያንኑ ገዳይ ኮርቻ ትሰፉ ነበር!» አለ ቢያድግልኝ።

«እኔ እምቢ ባልል ፈርጥ ስትደረድሩ ጥምቀት ያልፍ ነበር!» አለች አንጓች።

«እኔ ባላደርሰው ብልሃታችሁን ማን ያየው ነበር?» አለ ጥጋቡ።

ይህን ሲባባሉ ሞገሴ ከአራቱ ቁስለኞች አንዷን እየጎተተ ገባ።

«ሰባት ዓመት እነዚህ እንስሶች ሲደሙ ሦስታችሁም እዚሁ ነበራችሁ!» አለ። «አሁን ለወስፌ ትናከሳላችሁ? ላንዳችሁ ይሰጥና ሥራችሁን ሥሩ! ሰኞ እንጭናለን!»

ላቀች ወስፌውን ከመቀነቷ አውጥታ በሦስቱ መካከል በተዘረጋው ቆዳ ላይ አኖረችው።

እኔ ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ ዳኛ አይሆንም። እናንተ ፍረዱ። ከሰኞ ጀምሮ ይህ ይሰፋ፣ ያ ይቅር የሚለው ማን ይሁን? ወስፌው የሚገባው ሄዶ ላየው፣ እምቢ ላለችው ወይስ ላደረሰው?