ምድር በመሪጌታ ይኼይስ ዜማ

አለቃ ክንፉ በመቋሚያቸው ገፋ ቢያደርጉት የምድር አምሳያ የሆነው ሉል ከጠረጴዛው ወድቆ እስከ ደጅ ተንከባለለ። አዲስ በተከፈተው የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ልጆቹ ሳቁ፤ አስተማሪው ዘለቀ ግን ደነገጠ። የደብሩ አለቃ የጠሉት ትምህርት ቤት እንደማይከርም ያውቃል።

«አያችሁ» አሉ አለቃ። «ምድር እንዲህ ብትሆን ቤተ ክርስቲያናችን ተንከባላ ገደል በገባች ነበር።»

የደብሩ የዜማ መምህር መሪጌታ ይኼይስ በር ላይ ነበሩና ሉሉን አንሥተው አቧራውን አራገፉ።

«አለቃ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ክብ ናት። መቼ ተንከባለለች?»

አለቃ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። መልስ ያጣ አለቃ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ለወረዳው ገዥ ለቀኛዝማች አየነው ክስ ላኩ።

ባላምባራስ ዳምጤ የሚባሉም ነበሩ፤ ሀብታም ናቸው፣ እጃቸው ግን ጠበቅ ያለ ነው። እንግዳ ሲመጣባቸው ውሃ ያቀርባሉ፣ በቃ። በሁዳዴ አንድ ቀን አስተማሪው ከጉድጓዳቸው ውሃ ጠብታ ወስዶ በማጉያ መነጽር ቢያሳያቸው ትንንሽ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ።

«ጾሜን ስገድፍ ከርሜያለሁ በለኛ» አሉ ባላምባራስ ራሳቸውን ይዘው።

«አፍልተው ይጠጡት፣ ነፍሳቱ ይሞታሉ።»

«ጭራሽ ቀቅለህ ብላቸው ትለኛለህ?»

ወዲያው መሪጌታ ዘንድ ሄዱ። «ሥጋ ነው አይደለም? እውነቱን ይንገሩኝ» አሉ።

«ይረጋጉ ባላምባራስ። ሥጋ ቢሆን ኖሮ ለእንግዳ አያቀርቡትም ነበር።»

ባላምባራስም ተቀይመው ከአለቃ ጋር አበሩ። ከሳሾቹ ሁለት ሆኑ።

ቀኛዝማች መጡ፤ ዋርካው ሥር ችሎት ተቀመጡ። የአስተማሪው ትምህርት የማይረባ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ዛሬውኑ ይዘጋል፣ እሱም በመጣበት ይመለሳል አሉ። «በል፣ ምን እንደምታስተምር አሰማን።» ዘለቀ ሊናገር ሲል መሪጌታ ቀደሙት።

«እኔ ላሰማልዎ ጌታዬ» አሉ መሪጌታ።

ትምህርቱን አስቀድመው ወደ ግዕዝ መልሰውት ኖሯል። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ወንጌል በሚነበብበት ዜማ ለቀቁት፤ የምድርን ክብነት፣ ፀሐይን መዞሯን፣ አንድም አላስቀሩ።

ቀኛዝማች ግዕዝ አይሰሙም። ዜማውን ሲሰሙ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። ሕዝቡም ተነሣ። የሚባለው የገባቸው አለቃ ክንፉ ብቻ ነበሩ፤ ገዥ ቆሞ መቀመጥ ነውር ሆነባቸውና ፊታቸውን አጥቁረው ቆሙ። ባላምባራስ ዳምጤማ እንባቸው ወርዶ ሦስት ጊዜ አማተቡ አሉ።

ሲያበቃ ቀኛዝማች «ግሩም ነው» አሉ። «የትኛው ወንጌላዊ ነው ይህን የጻፈው?»

«አስተማሪ ዘለቀ ነው ጌታዬ። ምድር ክብ ናት፣ ፀሐይን ትዞራለች ነው የሚለው። እርስዎ ቆመው ሰምተውታል፣ አለቃም ቆመው ሰምተውታል። ሐሰት ነው የሚል ካለ መጀመሪያ ይቀመጥ።»

ማንም አልተቀመጠም። አለቃ ወደ ቀኛዝማች አዩ፤ ቀኛዝማች ወደ ወንበራቸው አዩ፣ ወደ ሕዝቡ አዩ፣ ቆይተው ወደ መሪጌታ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ትምህርቱ ይቀጥል። ብቻ የፀሐይዋን ነገር ሌላ ጊዜ ያሳጥሩልኝ መሪጌታ፣ ጉልበቴን ያመኛል።»