ለቅሶ የጠራው የወረቀት ጥሩምባ

ካ ካ ካ! ቆይ እስቲ፣ ሳቄን ልጨርስ። ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተንደላቆ እግሩን ሲያወዛውዝ፣ ስልኩ ሲጮህለት… ወይኔ ሆዴን! ይኼ ደግሞ ገና ምኑም አይደል። ዋናው አንዲት አሮጊት በራቸው ላይ ቆመው ያሉት ነው፤ እሱን ግን ኋላ ነው የምሰጥሽ። አንቺ የጠየቅሽኝ፣ «አክስቴ፣ የጓደኛዬ እናት ሞተዋል፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ድምፄን በስልክ ቀድቼ ልኬላታለሁ፤ ባልሄድ ምን ይጎድላል?» ብለሽ ነው አይደል? እንግዲያው ዝም ብለሽ ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው፣ ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የዕድሩን ሰው ለቅሶ መጥራት ነው። በየደጁ እየቆመ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ይጣራል፤ ከውስጥ «ሰምተናል» እስኪሉት ይጠብቃል፤ የሟቹን ስም ይነግርና ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። አንድ እግሩን ጎተት ስለሚያደርግ ሰፈሩ ገና ከሩቅ በኮቴው ያውቀዋል።

ታዲያ አረጀ። ትንፋሹ አጠረና ጥሩምባው እምቢ አለው። ድምፁም አንድ ቀን ይመጣል፣ ብዙ ቀን ይጠፋል። የዕድሩ ዳኛ ይኼን ከሰሙ ሥራውን ለሌላ ሊሰጡበት ነው። ሥራው ደግሞ ለሱ እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ደጁን የሚከፍትለት በዚያ ሥራ ነው። እሱ ከቀረበት ማን «ደህና አደርክ» ሊለው?

አንድ ጠዋት ጉሮሮው ሲከፈትለት ጊዜ አላጠፋም። በአሮጌ ስልኩ ጥሪውን ቀዳ፤ «የዕድር ሰዎች! ለቅሶ ውጡ! ለቅሶ!» አለ። መሃል ላይ ሳል አመለጠው፤ ተወው። ስም አልጨመረበትም፤ ለማንም ሟች እንዲያገለግል ብሎ ነው። አየሽልኝ ብልሃቱን!

ችግሩ፣ ስልኩን ሲከፍቱት ድምፁ የትንኝ ነው። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ካላንደር ወፍራሙን ወረቀት ገነጠለ፣ እንደ ማራገቢያ አድርጎ ቆረጠው፣ ጠቀለለው። ጠባቡ አፍ የስልኩን ግርጌ ዋጠ፣ ሰፊው አፍ ወደ ውጭ ዞረ። ጤዛ እንዳያላሽቀው ሻማ አቀለጠና ቀባው። ሙጫ አላስነካውም፤ ጫፉን በጫፉ ሰክቶ ነው ያያያዘው፤ ሲፈታው ጠፍጣፋ ሆኖ ደረት ኪሱ ውስጥ ይገባል። ቤቱ ውስጥ ሞከረው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ነዘረ። «እሰይ!» አለ፣ በሌለ ድምፁ።

በዚያው ሰሞን አንዲት መበለት ሞተች። ልጅ የላትም፣ ዘመድ የላትም። የሚቀብራት ያው ዕድሩ ነው። ስታስታምማት የከረመችው ጎረቤቷ ብቻዋን ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «አደራህን፤ ሰው አምጣልኝ። እኔ ብቻዬን አላነሣትም» አለችው። በእሺታ ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ጉም ነበረ፤ እጅሽን ብትዘረጊ መልሰሽ የማታገኚው የሚመስልሽ ዓይነት ጉም። በየደጁ መዞሩን ተወውና ከሰፈሩ በላይ ያለችው አፋፍ ላይ ወጣ። ስልኩን ጥሩምባው ውስጥ ሰክቶ ድንጋይ ላይ አኖረው፤ ደጋግሞ እንዲጮህ አደረገው። ራሱ አጠገቡ ተቀመጠ። እግሩን አወዛወዘ! ጌታ ሆነ!

«የዕድር ሰዎች! ለቅሶ ውጡ! ኧህህ… ለቅሶ!»

ድምፁ ጉሙ ውስጥ ገባ። ውሾቹ አንዴ ጮኹ፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ዝም አሉ። ሰውዬው የበር ድምፅ ጠበቀ።

«የዕድር ሰዎች! ለቅሶ ውጡ! ኧህህ… ለቅሶ!»

በሩስ ተሰማው። ግን የሚከፈት በር አልነበረም። ቀጭ! አንዱ ቤት መቀርቀሪያ ወደቀ። ቀጭ! ደግሞ ሌላው። አንድ መስኮት ላይ መብራት በራና ወዲያው ጠፋ።

በየቤቱ ውስጥ የሆነውን ሰውዬው ኋላ ነው የሰማው። ሰው ሁሉ ነቅቷል። ድምፁን ያውቁታል፤ ኮቴው ግን የለም። አይቀርብም፣ አይርቅም። ስምም አይጠራም። ስም የሌለው ለቅሶ የማን ቤት ነው? እናቶች በጨለማ እየዳበሱ ትንፋሽ እንዳለ ለማየት እጃቸውን የልጆቻቸው አፍንጫ ሥር አደረጉ። ሳሉስ ደግሞ! ያው ሳል፣ እዚያችው ቦታ፣ በዚያችው ርዝመት። ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይስልም። አንድ ሽማግሌ፣ «አቤት እንዳትሉ! ይኼ የሚጣራው ሰው አይደለም» ብለው የቤተ ሰቡን አፍ አስያዙ። ማን እንደጠራሽ ሳታውቂ አቤት አይባልማ።

አፋፉ ላይ ያለው ሰውዬም ደስታው ጠፋ። ድምፁ «ለቅሶ ውጡ» ይላል፤ የሱ ከንፈር ግን ገጥሟል። ጉሮሮውን ያዝ አደረገው፤ አይንቀሳቀስም። «እኔ እዚህ ዝም ብያለሁ፤ ታዲያ ያ ማነው?» አለ በልቡ። «የሞተው እኔ እሆን? ሰው ሲሞት ድምፁን እንዲህ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው?» ስልኩን አጠፋው። ጸጥታው ባሰ። ጥሩምባውን እንደያዘ፣ እግሩን እየጎተተ ወደ መበለቷ ቤት ወረደ።

ጎረቤቷ እንደተቀመጠች ናት። «የታል ሰዉ?»

የወረቀቱን ጥሩምባ አሳያት። ጥሩምባውን አየች፣ እሱን አየች።

«አንተ! ይኼንን ነው የላክኸው? ሬሳውንም እሱ ይሸከምልን እንግዲህ!»

ጥሩምባውን የሟቿ እግር ሥር አስቀመጠው። ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አጣፋና ወጣ። እግሩን እየጎተተ ሄዶ የመጀመሪያው በር ላይ ቆመ። ሊጣራ ሞከረ፤ አልወጣም። ሳለ። ደረቅ፣ የተሰባበረ፣ ከቅድሙ ጋር የማይመሳሰል ሳል። ከውስጥ አንዲት አሮጊት ጆሯቸውን አቁመው ቆዩ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተነሣ።

ከዚያ በር በኋላ ሌላው ተከፈተ፣ ከዚያም ሌላው። ጉሙ ሳይነሣ የመበለቷ ደጅ በሰው ሞላ። ከኋላ የደረሱት ሬሳውን ለመሸከም ትከሻ ማስገቢያ አጡ።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ፣ ያቺ ስልክሽ ላይ ቀድተሽ የላክሻት ድምፅ፣ አፋፍ ላይ የተቀመጠችው ጥሩምባ ናት። ድምፅሽ ደርሷል፣ አልዋሽሽም፤ ጮክ ብሎም ደርሷል። ጓደኛሽ ግን ኮቴሽን አልሰማችም። ደግማ ብትከፍተው ያው ቃል ነው፣ ያው ሳግ፣ እዚያችው ቦታ ላይ። ስትደርሺ ቃል ቢጠፋሽ አትፍሪ፤ ደጇ ላይ ቁሚ። ያ ሰውዬ አሮጊቷ ፊት ቆሞ የሟቿን ስም ለማውጣት ሲታገል፣ እሳቸው እጁን ያዝ አድርገው ምን አሉት መሰለሽ?

«ተወው ልጄ፣ የማን እንደሆነ መንገድ ላይ ትነግረኛለህ፤ ነጠላዬን ላምጣ።»