ተራ ያልደረሳት አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት በወንፈል ያርሱና ያጭዱ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ለዓመታት አንድ ጥያቄ ይዛ ትዞር ነበር፦ «ወንፈል በዙር ከሆነ፣ ዙሩ እኔ ደጅ የማይደርሰው ለምንድን ነው?»

የወንፈሉ ማኅበርተኞች አንበሳ፣ ጅብ፣ ቀበሮ፣ በሬና አህያ ነበሩ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዛሬ ሁሉም ለአንዱ ያጭዳሉ፣ ነገ ለሌላው። አጨዳው ሁልጊዜ ከአንበሳ ማሳ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ጅብ፣ ከዚያ ወደ ቀበሮ ይሄዳል። ወደ በሬ ሊሻገር ሲል ግን አንበሳ ወይ አጥሩ ይፈርስበታል፣ ወይ ሌላ ማሳ ይደርስለታል። ዙሩም እንደገና ከራሱ ይጀመራል።

በዚያ ዓመት የአህዪት ገብስ ደርቆ መርገፍ ጀመረ። ሰማዩም ያለወቅቱ ዳመነ። ሦስት ቀን ከዘገየች ለክረምት የምትቀምሰው አይኖራትም። ስለዚህ ሁሉም በአንበሳ ማሳ ዳር ጥላ ሥር አረፍ ባሉበት፣ እንደ ምንም ደፍራ ያንኑ የዙሩን ጥያቄዋን ጠየቀች።

አንበሳ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። የመለሰችላት ቀበሮ ናት። «እመት አህዪት፣ ዙር እኮ ክብ ነው። ክብ ደግሞ መጨረሻ የለውም። አንቺ የምትጠይቂው የሌለውን መጨረሻ ነው።»

አህዪት አሰበች። ልክ ይመስላል። የቀበሮ ነገር ሲነገራት ይገባታል፤ ቤቷ ስትደርስ ግን ይጠፋባታል።

«እሺ፣ አያ አንበሶስ? ማጭድ ይዞ አይቼው አላውቅም» አለች።

«እሱ ያገሳል። ማግሳት ቀላል መሰለሽ? እስቲ ሞክሪው።»

አህዪት ሞከረች። ጅብ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀባት። እሷም አፈረች፤ ምናልባት ነገር የማይገባኝ እኔው ነኝ አለች በሆዷ።

ጅብ ግን ሳቁን ሳይጨርስ፣ «ደግሞስ የሷ ጎተራ ከሞላ ነገ የኔን ማን ያጭድልኛል?» አለ።

ቀበሮ ጭራውን ረገጠችው።

«ምን አጠፋሁ? አንቺው አይደለሽም እንዴ ያልሽኝ?»

በሬ ማመንዠኩን አቆመ። አህዪትን አያት፤ እሷም አየችው። ከዚያ ሁሉም ወደ አጨዳው ተመለሱ።

ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ክቡ፣ ግሳቱና ጎተራው ጭንቅላቷ ውስጥ ተዘበራረቁባት። ከዚያ ሁሉ ጥርት ብሎ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሬም እንደሷ ተራ ደርሶት አያውቅም።

በማግስቱ አንበሳ ለሥራ ሲያገሳ አህዪት ማጭዷን አነሳች። ወደ እሱ አልሄደችም። ወደሚረግፈው ገብሷም አልሄደችም። ከበሬ ማሳ ገብታ ከዳር ማጨድ ጀመረች።

በሬ ግራ ገብቶት መጣ። «ምነው እመት አህዪት፣ ያንቺ እየረገፈ? ዛሬ የማን ተራ ነው?»

«የቀበሮ ክብ እስካሁን አልገባኝም፣ አያ በሬ» አለች ቀና ሳትል። «ዛሬ ያንተ ይሁን። ነገ የኔ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ተራ የተነፈገ ሠራተኛ የነፈጉት እስኪያስረዱት ከሚጠብቅ፣ እንደሱ ተራ ከተነፈገ ባልንጀራው ጋር ዙሩን ራሱ ቢጀምር እንደሚሻለው ነው።