ጀርባዋን የሰጠች በረኛ

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። አንተ ከኋላ የተቀመጥከው፣ ሳቅህን ዋጥ አድርግ! ገና ሳልጀምር ምኑ ነው የሚያስቅህ?

ድሮ ድሮ፣ እንስሳም ዕቃም እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ተራራ ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች። «በዚያ ዘመን ኳስና ቴሌቪዥን ነበር እንዴ?» ብላችሁ እንዳታደርቁኝ። ነበር። ተረቱ የእኔ ነው።

ምንጯ አንድ ናት፣ ጠጪዎቿ ግን ሁለት ሰፈር ናቸው፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር። በጋ ሲገባ ውሃው እየቀጠነ ለሁለቱ አይበቃም። ስለዚህ የውሃ አባት የሆነው ኤሊ፣ የውሃ ተራ የሚደለድለው እሱ ነውና፣ እንዲህ ሲል ደነገገ፦ «በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ኳስ ተጫወቱ። የረታ በጋውን ሙሉ ከምንጩ ይጠጣ። የተረታ ገደሉን ወርዶ ከወንዝ ይቅዳ።»

ወንዙ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ። ታች ሰፈር ሦስት ዓመት ተረትቶ ሦስት ዓመት ወደ አዞ ወረደ። ዐምና የጃርት ባል ቅሉን ይዞ ወረደና አልተመለሰም። ቅሉ ብቻ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ተገኘ። ምስኪን ጃርት ሁለት ልጆቿን ይዛ ቀረች።

ዘንድሮ ታች ሰፈሮች በረኛ ሲፈልጉ ጥንቸል «እኔ ለሩጫ ነው የተፈጠርኩት» አለች። ፍየል «እኔ ተከላካይ ነኝ» አለች። ሁሉም ወደ ጃርት ዞሩ።

«እኔ?» አለች ጃርት። «እኔ ኳስ ይዤም አላውቅ!»

«ባልሽን የበላው ያ ወንዝ ነው። ካንቺ በላይ በሩን ማን ይጠብቅ?» አሏት።

ምን ትበል? እሺ አለች። ከጨርቅ የተሰፋችው ኳስ ግን የጃርትን እሾህ ስታይ «ወይኔ ጉዴ! እሷ ዘንድ እንዳትልኩኝ!» ብላ ጮኸች።

የመጀመሪያው ቀን ደረሰ። የላይ ሰፈሩ አጥቂ አያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ሮጠና መታት። ጃርት ደነገጠች። ጃርት ስትደነግጥ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታ እሾኋን ታቆማለች። ኳሷም በጎኗ ሹልክ ብላ ገባች። ላይ ሰፈር አንድ ለባዶ አሸነፈ።

እስቲ አሁን ቴሌቪዥኑን ተመልከቱ። ከሾላው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ሦስት የድሮ ሰዎች፣ ማለቴ የድሮ ኳሰኞች፣ ተደርድረዋል። አንደኛው ጋሽ አውራ ዶሮ ነው፤ በዘመኑ የመስመር ተጫዋች ነበር። ሁለተኛዋ እትዬ በቅሎ ናት፤ አሰልጣኝ ነበረች። ሦስተኛው ጋሽ ውሻ ነው፤ የዝሆንን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነ፣ ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራ በረኛ። ለእነሱ ውሃው በጋን ተሞልቶ ከሁለቱም ሰፈር ይመጣላቸዋል። ማንም ይሸነፍ ማን፣ እነሱ አይጠሙም።

«ጮክ በሉልኝ!» ይላቸዋል ቴሌቪዥኑ። «ቀስ ብላችሁ ስታወሩ ምስሌ ይደበዝዛል!»

«መውጣት ነበረባት!» አለ ጋሽ አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ። «በእኔ ዘመን እንዲህ ቆሞ የሚጠብቀኝን በረኛ እየሳቅኩ ነበር የማገባበት!»

«የምን መውጣት!» አለች እትዬ በቅሎ። «መስመሯ ላይ ተተክላ መቆም ነበረባት። አጎቴ ፈረስ ምን ይል ነበር መሰላችሁ?»

«እኔ እሱን ሁሉ አላውቅም» አለ ጋሽ ውሻ። «ጀርባ! በረኛ ጀርባውን ይሰጣል? ነውር ነው! ይህን ያህል ዘመን ኳስ ውስጥ ኖሬ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም!»

እናንተ ይህን ስትሰሙ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ትላላችሁ። ጃርት ግን የዋህ ናት፤ የሰማችውን ሁሉ አመነች። በማግስቱ ጥንቸል መንገድ ላይ አግኝታት «ጋሽ አውራ ዶሮ እኮ እውነቱን ነው» አለቻት። ፍየል ደግሞ «እትዬ በቅሎ ትክክል ናት» አለቻት። ጃርት ለሁለቱም «አዎ፣ ልክ ነው» አለች። እንዴት ሁለቱም ልክ ሊሆን እንደቻለ ግን አልገባትም፤ ቤቷ ገብታ ስታስበው ራሷን አመማት።

ሁለተኛው ቀን ደረሰ። አያ ጅቦ እየሮጠ ሲመጣ ጃርት «ውጪ ተብያለሁ» ብላ ወጣች። በራሷ ላይ አሳልፎ አገባባት። ሁለተኛ ሲመጣ «ቁሚ ተብያለሁ» ብላ ተተክላ ቆመች። ጥግ ላይ አገባባት። ሦስተኛ ሲመጣ «ጀርባ አትስጪ ተብያለሁ» ብላ ፊቷን ገትራ ጠበቀች። ኳሷ አፍንጫዋን ነርታት ወጣች። ደግነቱ ያን ቀን ጥንቸል እንደ እብድ ስትሮጥ ውላ ሦስት አገባች። ታች ሰፈር ሦስት ለሁለት አሸነፈ። እልልታው ቀለጠ!

ጃርት አፍንጫዋ እንዳበጠ ወደ ቴሌቪዥኑ ሮጠች። ዛሬስ ያመሰግኑኛል ብላ ነው። እኔንም ታሳዝነኛለች።

«ለምን ወጣች?» አለ ጋሽ አውራ ዶሮ። «ማነው እንዲህ ውጪ ያላት?»

«ለምንስ ተተክላ ቀረች?» አለች እትዬ በቅሎ። «ምሰሶ ናት እንዴ?»

«በአፍንጫ ማዳን ማዳን ነው?» አለ ጋሽ ውሻ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ቴሌቪዥኑ እያበራ። «ምስሌ ጠራ!»

ጃርት ክው ብላ ቀረች። ዓለም የተገለበጠባት መሰላት። እሷ የሰማችው ሌላ ነበር? ወይስ እነሱ ሌሎች ሆነዋል? የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ከተሸነፉ ዘንድሮ ቅል ይዛ ወደ ወንዝ የምትወርደው እሷ ናት፤ ልጆቿን ከኋላዋ ማን ያሳድግላታል? እንግዲህ ራሳቸውን ልጠይቃቸው ብላ፣ ቴሌቪዥኑ በቀትር ሲያንቀላፋ ጠብቃ ሄደች።

«ጋሼ» አለች አውራ ዶሮን እጅ ነስታ፣ «ኳስ ሲመጣ ልውጣ ወይስ ልቁም?»

«መውጣት ባለብሽ ጊዜ ውጪ፣ መቆም ባለብሽ ጊዜ ቁሚ።»

«መውጣት ያለብኝ መቼ ነው?»

«እሱንማ ከጨዋታው በኋላ እነግርሻለሁ» አለና ላባውን አራገፈ።

ወደ በቅሎ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይሉኛል?»

«እኔ ያልኩሽን ብቻ አድርጊ።»

«እትዬ፣ እርስዎ ያሉኝ እኮ ሁለት ነው።»

«እንግዲያው ሁለቱንም አድርጊያ! አጎቴ ፈረስ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ነበር የሚሠራው።»

ጃርት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ጋሽ ውሻ ይህን ሲያይ ተነሣና፣ ወዲያና ወዲህ ገልመጥ ብሎ፣ ከሾላው ጀርባ ወሰዳት።

«የዝሆኑን ኳስ ሰምተሻል?»

«ያልሰማ ማን አለ፣ ጋሼ! እንዴት አዳኑት? እሱን ይንገሩኝ!»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለ ጋሽ ውሻ በሹክሹክታ። «ስገልጥ ኳሷ እቅፌ ውስጥ ናት። እንዴት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም። ለማንም አትንገሪ፣ አደራ።»

«ታዲያ ለምን እኔን ይሰድቡኛል?» አለች ጃርት እንባዋ እየመጣ።

«ዝም ካልኩማ ወንበሬን ለድመት ይሰጡታል» አለ፤ አንገቱንም ደፋ።

ጃርት ግራ ገብቷት ሄዳ ነበር፤ ይብሱን ግራ ገብቷት ተመለሰች።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። አገሩ ሁሉ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ራሱ «እኔም ሜዳው ዳር ካልሆንኩ» ብሎ አስቸግሮ፣ ከነሦስቱ ተንታኞች ከመስመሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጥንቸል ገና በጠዋቱ አንድ አገባች። ከዚያ በኋላ ላይ ሰፈር ገፋ፣ ታች ሰፈር መለሰ፤ ገፋ፣ መለሰ። ጨዋታው ሊያልቅ አንዲት ፍሬ ጊዜ ሲቀር ፍየል ቸኩላ ኳሷን በቀንዷ ነካቻት። በቀንድ መንካት ደግሞ ክልክል ነው።

«ፍጹም ቅጣት ምት!» አለ ዳኛው ኤሊ ከሜዳው መሀል። «ከገባ እኩል ናችሁ። እኩል ከሆናችሁ ተራው እንዳምናው ለላይ ሰፈር ይጸናል። ካልገባ ውሃው የታች ሰፈር ነው። እኔ ደርሼ ፊሽካ እስክነፋ ግን ጨዋታው አላለቀም!»

ጃርት መስመሯ ላይ ቆመች። ኳሷን በልመና ዓይን አየቻትና «እባክሽ እህቴ፣ በየት በኩል ነው የምትመጪው?» አለቻት።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አለች ኳሷ። «እኔ የምሄድበትን የማውቀው ከተመታሁ በኋላ ነው!»

አያ ጅቦ ተንደረደረ። ጃርት ልትወጣ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ተመለሰች። ልትቆም ተተከለች፤ ተነቀለች። ዓይኗን ልትጨፍን አለች፤ ፈራች። ይህን ያየ አያ ጅቦም «ምን ልታደርግ ነው ይቺ?» ብሎ ግራ ገባው። ግራ እንደገባው መታት፤ ኳሷም በቀጥታ ወደ ጃርት በረረች። ጃርት ደነገጠች። ምክሩ ሁሉ ከራሷ ብን ብሎ ጠፋ። ጀርባዋን ሰጠች!

ጭው! ኳሷ እሾኋ ላይ ተሰካች።

«ኡኡ! ተወጋሁ! የሰው ያለህ!» አለች ኳሷ።

«እሾህ! እሾህ አይፈቀድም!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ።

«በቀንድ አትንኩ ተብሏል» አለ ኤሊ ከሩቅ። «ስለ እሾህ የተባለ ነገር የለም። ቆዩ፣ እየመጣሁ ነው።» ደግሞም እውነቱን ነው፣ እየመጣ ነው። በኤሊ እርምጃ።

ጉዱ አሁን ነው። ጃርት ፊቷን ወደ ራሷ ግብ አዙራለች። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብትራመድ፣ ጀርባዋ ላይ የተሰካችው ኳስ ከእሷ ጋር መስመሩን አልፋ ትገባለች። ወደ ኋላ ብትል አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ኳሷን ሊነጥቅ ቆሟል፤ እስካሁን ያልነጠቃት እሾኋን ፈርቶ ነው።

«ወደ ፊት! ወደ ፊት ውጪ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ አውራ ዶሮ።

«ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ተመለሽ!» አለች እትዬ በቅሎ።

«ዙሪ! ጀርባ አትስጪ፣ ዙሪ!» አለ ጋሽ ውሻ።

«ጮክ በሉልኝ!» አለ ቴሌቪዥኑ።

ወደ ፊት የትኛው ነው? ወደ ኋላ የትኛው ነው? የእሷ ፊት የሜዳው ኋላ ነው፤ የሜዳው ፊት የእሷ ኋላ ነው። ጃርት አንድ እግሯን አነሣች። ታች ሰፈር ሁሉ «ዋይ!» አለ። እግሯ አየር ላይ እንዳለ ያ ቅል ትዝ አላት፤ ባለቤቱ ጠፍቶ ብቻውን ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቅል። ያን ቀንም እንዲህ ሁሉም ሲጮህ ነበር፤ «በዚህ ግባ!»፣ «በዚያ ውጣ!» እያለ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ።

«አላወቅኩም!» አለች ጮክ ብላ። «ግራ ገብቶኛል! እንግዲህ ፍረዱኝ!»

እግሯን ወደ ነበረበት መለሰችና ቁጭ አለች። በቃ፣ ቁጭ።

ጮኹ፣ አልተነሣችም። ተሳደቡ፣ አልተነሣችም። አያ ጅቦ ዞራት፣ ዞራት፣ ዞራት፤ አልነካትም። ኤሊም አንድ እግሩን አስቀደመ፣ ሌላውን አስከተለ፣ ሲንፏቀቅ፣ ሲንፏቀቅ መጣ። መስመሩን አየ። ኳሷን አየ። ጃርትን አየ። ፊሽካውን ነፋ።

ውሃው የታች ሰፈር ሆነ! ጥንቸል አለቀሰች፣ ፍየል ዘለለች። ቴሌቪዥኑም ወዲያው ወደ ተንታኞቹ ዞረ።

«አያችሁ? ወጥታ ተመለሰች። እኔ ያልኩት ይሄንኑ ነበር» አለ ጋሽ አውራ ዶሮ።

«ተተክላ ቀረች! የእኔ ትምህርት ነው» አለች እትዬ በቅሎ።

«ጋሽ ውሻስ? እርስዎ ምን ብለው መከሯት?» አለ ቴሌቪዥኑ።

ጋሽ ውሻ አፉን ከፈተ። ጃርትን አያት። ጃርትም አየችው። ምስጢሩ እጇ ላይ ነው፤ አገር ሁሉ እየሰማ ነው። ጃርት ምንም አላለችም። «እኔ እንኳ... ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ ነው ያልኳት» አለ ጋሽ ውሻ፤ ድምፁም አነሰ።

«አንቺስ?» አለ ቴሌቪዥኑ ወደ ጃርት ተጠግቶ። «የማንን ምክር ሰምተሽ ነው ያሸነፍሽው?»

«የሁሉንም ሰምቻለሁ» አለች። «ለዚህ ነው ግራ የገባኝ።» ይህን ብላ ልጆቿን ጠርታ ወደ ምንጩ ሄደች። ኳሷ ገና ከጀርባዋ አልወረደችም ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ስታማርር ሰሟት። ያን በጋ ሙሉ ያ ቤተሰብ ወደ ወንዝ አልወረደም።

በማግስቱ ደግሞ ሦስቱ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተሰየሙ። «ቁጭ ብሎ ማዳን ምን ዓይነት ማዳን ነው?» ተባባሉ አሉ። እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ የጨመርኩት ካለ ጭማሪውን ለልጆቻችሁ አውርሱ። አንድ ነገር ግን ከእኔ ያዙ፦ ኳስ ካለፈች በኋላ በረኛ ያልሆነ የለም።