ቀዩን ምልክት ዝም ያሰኘው ሰው

ከኅዳር ሚካኤል ንግሥ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የቢሮውን ኮምፒውተር የሚይዘው ልሳነወርቅ ነው። ሁለተኛዋ የመዝሙር ክፍል ኃላፊዋ ፀዳለ ናት። ሦስተኛዋ በሩ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው የተቀመጡት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው።

እማሆይ በየቅዳሜው ይመጣሉ። ለምን? የባላቸውን ድምፅ ለመስማት። ባላቸው መሪጌታ ኅሩይ በሕይወት ሳሉ ዜማው ለልጆች እንዲተርፍ ብለው ድምፃቸውን አስቀርጸው ነበር። እሳቸው ዐረፉ፤ ድምፃቸው ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀረ። ልጆቹ ከዚያ ያጠናሉ። እማሆይም ከዚያ ይጽናናሉ።

በዚያን ቀን ግን ፀዳለ ቸኩላለች። ለንግሡ የሚጠና መዝሙር ከጎረቤት አጥቢያ ተልኮላታል። ልሳነወርቅ ሊያወርደው ሲል ኮምፒውተሩ ቀይ ምልክት አወጣ። ይህ ፋይል አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ታግዷል አለው። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ታገደ።

«የአንተ ኮምፒውተርስ ከእናቴ ይብሳል» አለች ፀዳለ። «እሷም በር ሳትከፍት ነው የእንግዳውን ዘር ማንዘር የምትጠይቀው።»

ልሳነወርቅ ሳቀ። ውስጡ ግን አፈረ። ኮምፒውተር ያውቃል የሚባለው እሱ ነዋ!

እማሆይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ልጄ፣ ያ ቀዩ ነገር ምን እያለ ነው?» አሉት።

«አታውርድ እያለኝ ነው፣ እማሆይ።»

«ታዲያ ለምን ታወርዳለህ?»

«ግድ የለም፣ ዝም ብሎ ይፈራል።»

ከዚያ የኢንተርኔት መክፈቻውን ሴቲንግ ገባ። ጥበቃ የሚለውን አገኘና አጠፋው። ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። አዎ አለ። መዝሙሩ ወረደ።

«ጎሽ!» አለች ፀዳለ። «ነገ መልሰህ ታበራዋለህ አይደል?»

«ነገ አበራዋለሁ።»

አሁን ልብ በሉ፣ ወገኖቼ። ያ መዝሙር ምን ነበረበት? ምንም! ንጹሕ መዝሙር ነበር። ልጆቹ ዘመሩት፤ ሕዝቡ እልል አለ፤ ንግሡም በሰላም አለፈ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነም። ምንም ስላልሆነም ነገ የተባለው ነገ ተረሳ።

ልሳነወርቅ ኮምፒውተሩ የተሻለው መሰለው። ቀይ ምልክት የለም፤ ክልከላ የለም፤ ጥያቄ የለም። ጠባቂው ስለተባረረ ዝም ቢል፣ ዝምታውን ሰላም ነው ብሎ ቆጠረው።

የነቢያት ጾም ገባ። አንድ ቀን ልሳነወርቅ ኢንተርኔት ሲያይ፣ ከማያውቀው ገጽ ላይ «ድርሳነ ሚካኤል በድምፅ» የሚል ፋይል አገኘ። ከላይ የመልአኩ ሥዕል አለበት። ከማን እንደመጣ ግን አልተጻፈበትም። ለአፍታ እጁ ቆመ። ወዲያው ደግሞ ራሱን ገሠጸ፦ «የመልአክ ስም የያዘን ነገር እንዴት እጠረጥራለሁ?» አማተበና ከፈተው።

ድምፅ አልወጣም። ትንሽ ጥቁር መስኮት ብቅ አለችና ጠፋች። ደግሞ ተጫነው። ዝም። «ተበላሽቶ ነው» ብሎ ቢሮውን ቆልፎ ወደ ቅዳሴ ሄደ። ኮምፒውተሩን አላጠፋውም።

ቅዳሜ ደረሰ። እማሆይ ከመምጣታቸው በፊት ድምፁን ሊያዘጋጅ የመሪጌታን ማኅደር ከፈተ። የፋይሎቹ ስም ተለውጧል። በእያንዳንዱ ስም መጨረሻ ላይ የማያውቀው ፊደል ተቀጥሏል። አንዱን ነካ፤ አልከፈት አለ። ሌላውን ነካ፤ አልከፈት አለ። በመልአክ ስም የገባው ፋይል ሁሉንም ቆልፎታል። ለክፉ ቀን ብሎ በፍላሽ የገለበጠው ቅጂ ትዝ አለው። ፍላሹ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ነበር። እሱም አብሮ ተቆልፏል።

ፍላሹን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ያን ጊዜ ከውጭ፣ ከድንጋዩ ንጣፍ ላይ፣ የእማሆይን ምርኩዝ ሰማ። ቋ። ቋ። ቋ። ይህን ድምፅ በየቅዳሜው ሲሰማው ደስ ይለው ነበር። በዚያን ቀን ግን በመስኮት መውጣት አማረው።

«እንደምን ዋልህ፣ ልጄ?» ብለው በቦታቸው ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጠበቁ።

«እማሆይ... ዛሬ ድምፃቸው የለም።»

«መብራት ጠፋ እንዴ?»

«መብራትስ አለ። ተቆልፎ ነው።»

«ክፈተው እንጂ።»

«ቁልፉ እኔ ጋ አይደለም፣ እማሆይ። የቆለፈውንም አላውቀውም።»

እማሆይ ኮምፒውተሩን አዩ። እሱን አዩ። «ያ ቀዩ ነገር አለ አይደል? አታውርድ ይልህ የነበረው። ዛሬ ምነው ሳይነግርህ ቀረ?»

ልሳነወርቅ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት» አለ።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እናንተስ? በውስጣችሁ ተው የሚል ቀይ ምልክት አልነበረም? ዛሬ የት አለ? ጠላት ጠላት ነኝ ብሎ መጥቶ ያውቃል? በምናከብረው ስም ይመጣል፤ በምንወደው ሥዕል ይመጣል። እኛም አማትበን እንከፍትለታለን። የንስሐ አባታችሁ ሲደውሉ ስልኩን ገልብጣችሁ ያስቀመጣችሁ የላችሁም? እናታችሁ «ያ ልጅ አላማረኝም» ስትል፣ «እማዬ ደግሞ ዝም ብላ ትፈራለች» ያላችሁ የላችሁም? ለአንድ ቀን ብላችሁ፣ ለበጎ ነገር ብላችሁ ያጠፋችሁት ጥበቃ እስከዛሬ እንደጠፋ አይደለም?

«እኔ እኮ ደኅና ነኝ፤ ኅሊናዬም አይወቅሰኝም» ትላላችሁ። እኔ የምፈራላችሁ ይህን ስትሉ ነው። የማይወቅሳችሁ ንጹሕ ስለሆናችሁ ነው? ወይስ ዝም ስላሰኛችሁት? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ይህን ጠይቁ። ማኅደሩን ሳትከፍቱ ጠይቁ። ምርኩዙ ደጃችሁ ላይ ሳይሰማ ጠይቁ።

እማሆይ ያን ቀን ጥቂት ተቀምጠው ተነሡና ሄዱ። ልሳነወርቅ ወዲያው ሴቲንጉን ከፍቶ ጥበቃውን መልሶ አበራ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የሚጠበቅ ነገር አልነበረም።